ባሕር የወለዳት፣ ባሕር የበላት ከተማ

በእንግሊዝ አገር ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በዮርክሻየር ግዛት፣ ሆልደርነስ የሚባል ዝቅ ያለ የእርሻ ምድር አለ። ከፍላምቦሮ ነጭ ገደል ጀምሮ እስከ ሀምበር ወንዝ አፍ ድረስ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ለመንገደኛ ዓይን እህል የሚበቅልበት ጸጥተኛ ሜዳ ነው። ነገር ግን ይህ ሜዳ በምሥራቅ ወገኑ በየዓመቱ በአማካይ ሁለት ሜትር ገደማ እየተናደ ወደ ሰሜን ባሕር ይገባል። በአውሮፓ ከዚህ ፈጥኖ የሚሸረሸር ዳርቻ ማግኘት ያስቸግራል። ከሮማውያን ዘመን ወዲህ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ መንደሮች ተውጠዋል። የሀል ከተማ ቤተ መዘክር ኃላፊ የነበረው ቶማስ ሼፐርድ በ1912 «የዮርክሻየር ዳርቻ የጠፉ ከተሞች» የሚል መጽሐፍ የጻፈው ስለ እነዚህ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከጠፉት መካከል የራቨንሰር ኦድን ያህል ታሪኳ የሚያስገርም የለም። ሌሎቹን ሰው በጽኑ መሬት ላይ ቆረቆራቸው፤ ባሕር ኋላ መጥቶ ወሰዳቸው። ይህችን ግን የወለዳት ባሕሩ ራሱ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ማዕበል በሀምበር አፍ ላይ አሸዋና ጠጠር ቆልሎ አዲስ ምድር አወጣ። በ1290 በተደረገ ምርመራ የተሰጠው ቃል እንደሚለው፣ በዚያ ምድር ላይ አንዲት መርከብ ተሰበረች፤ አንድ ሰው ስባሪዋን ጎጆ አድርጎ ተቀመጠበት፤ ለሚያልፉ መርከበኞችና ነጋዴዎችም ምግብና መጠጥ ይሸጥ ጀመር። ከዚያች ጎጆ ከተማ በቀለች። በ1299 ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ የከተማነት መብት ሰጣት፤ ነዋሪዎቿም ለዚሁ 300 ፓውንድ ከፈሉ። ገበያ ቆመላት፤ ቤተ ጸሎት ተሠራላት፤ እንደራሴዎችም ወደ ፓርላማ ላከች። ከወንዙ ማዶ ያለችው ግሪምስቢ ግን ክስ ታቀርብባት ነበር። የራቨንሰር ኦድ ሰዎች በጀልባ እየወጡ፣ ወደ ግሪምስቢ የሚያመሩትን መርከቦች በማባበልም በማስፈራራትም ወደ ራሳቸው ወደብ ይጎትታሉ የሚል ነበር ክሱ።

ደስታዋ መቶ ዓመት አልሞላውም። በ1346 ከከተማይቱ ሁለት ሦስተኛው እንደጠፋ ተመዝግቧል። በአካባቢው ንብረት የነበረው የሚውስ ገዳም ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ውኃው የቤተ ጸሎቱን መካነ መቃብር ቆፍሮ የሙታንን ዐፅም አውጥቶ በየዳርቻው በተነው። በጥር 1362 በሰሜን ባሕር ዙሪያ ያሉትን አገሮች ሁሉ የመታው ታላቅ ማዕበል የቀረውን ጨረሰ። መነኩሴው ለዚህ ሁሉ ምክንያት አላጣም፤ ከተማይቱ በዝርፊያዋና በክፉ ሥራዋ የእግዚአብሔርን ቁጣ በራሷ ላይ ጠራች ይላል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ከእርሷ በስተሰሜን የነበሩት ድሆች ገበሬዎች በምን ኃጢአታቸው መንደር ከነመቃብሩ አጡ?

መልሱ ያለው በምድሩ ውስጥ ነው። ለእኛ ለደጋ አገር ሰዎች ገደል ማለት ቆሞ የሚኖር ነገር ነው፤ አገርን ከአገር የሚለይ፣ የአያት የቅድመ አያት ምልክት። የሆልደርነስ ገደል ግን ወደ ኋላ ይራመዳል። ከዐሥራ ስምንት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የበረዶ ግግር ከሰሜን እየገፋ ያመጣውን ጭቃ፣ አሸዋና ድንጋይ አራግፎ ሄደ፤ ገደሉ የዚያ ክምር ነው እንጂ ዐለት አይደለም። የጥንቱ የባሕር ጠርዝ ዛሬ ከውኃው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በዚሁ ጭቃ ሥር ተቀብሮ ይገኛል። እንግዲህ ባሕሩ የሰው አገር የወረረ ይመስላል እንጂ የሚሄደው ወደ ቀድሞ ቤቱ ነው። ሞገድ ከሥር እግሩን ይበላል፤ ዝናብ ከላይ ሰርጎ ጭቃውን ያከብደዋል፤ ከዚያ አንድ ሌሊት እርሻው ከነአጥሩ ተገምሶ ይወርዳል።

የወረደው አፈር ወዴት ይሄዳል? የታሪኩ ቁልፍ ይህ ነው። አብዛኛው ደቃቅ ስለሆነ ውኃውን አደፍርሶ ርቆ ይነጉዳል። አሸዋውና ጠጠሩ ግን ከሰሜን ምሥራቅ በሚመጣው ሞገድ እየተገፋ ዳርቻ ዳርቻውን ወደ ደቡብ ይጓዛል። ጉዞውም ወጥ አይደለም። የአካባቢው ሰዎች «ኦርድ» የሚሉት፣ አሸዋው ሳስቶ የገደሉ እግር የሚራቆትበት ስፍራ አለ፤ ኦርዱ ራሱ በዓመት ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ በደረሰበት ሁሉ ናዳው ይብሳል። አንዱ ገበሬ ለዓመታት ተረጋግቶ ሲኖር ጎረቤቱ በአንድ ክረምት የሚጎዳው በዚህ የተነሣ ነው። በመጨረሻ አሸዋው ሀምበር አፍ ላይ ሲደርስ ስፐርን የምትባለውን፣ እንደ ምላስ ወደ ወንዙ የተዘረጋች ቀጭን ምድር ይሠራል። ራቨንሰር ኦድ የቆመችው በዚህ ስፍራ፣ የዛሬዋን ስፐርን በቀደመ እንዲህ ባለ ምድር ላይ ነበር። ይኸውም በአጭር ቃል፣ ነጋዴዎቿ ሱቅ የከፈቱት ከላይ በፈረሱት መንደሮች አፈር ላይ ነው ማለት ነው።

ስሟ በሥነ ጽሑፍ ከአካሏ በላይ ቆይቷል። በ1399 ስደተኛው ሄንሪ ቦሊንብሮክ የሪቻርድ ዳግማዊን ዘውድ ሊቀማ ከባሕር የወረደው ራቨንስፐር በተባለው በዚሁ ዳርቻ ነው። ማቲው ዳንቶርፕ የሚባል ባሕታዊ በስፍራው ያለ ፈቃድ ቤተ ጸሎት መሥራት ጀምሮ ነበርና፣ ሄንሪ በነገሠ ጊዜ ምሕረት ሰጠው፤ ባሕር የሚተፋውን ዕቃ የመውሰድ መብትም ጨመረለት። ሼክስፒር በሁለት መቶ ዓመት ገደማ ዘግይቶ «ሪቻርድ ዳግማዊ»ን ሲጽፍ የዚህን ወደብ ስም በመኳንንቱ አፍ አኖረው። ተመልካቹ ስሙን ሲሰማ ከተማይቱ ከጠፋች ከሁለት ምዕት ዓመት በላይ ሆኗት ነበር።

ባሕሩ ግን በአንዲት ከተማ አልጠገበም። በ1816 የኦውቶርን ቤተ ክርስቲያን ከገደሉ ጋር ወረደ። በኪልንሲ መንደር በ1847 የተሠራ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ግድግዳው ላይ ከባሕሩ 534 ያርድ ይርቃል የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል፤ በ1994 ቤቱ ሲታደስ ርቀቱ 190 ያርድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ዳርቻ ከተጻፈው ሁሉ የዚያን ግድግዳ ያህል የነካኝ የለም። ሠሪው ቁጥሩን ሲያስቀርጽ አንድ ቀን እንደሚቀንስ ሳያውቅ አልቀረም።

ሰው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሆርንሲና ዊዘርንሲ የተባሉት ከተሞች በግንብ ታጥረዋል። ማፕልተን የምትባለው ትንሽ መንደር ደግሞ፣ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ ሊቆረጥ ሲቃረብ፣ በ1991 በሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጪ ሁለት የድንጋይ ክንዶች ወደ ባሕሩ ተዘረጉላት። ክንዶቹ የሚያልፈውን አሸዋ ያዙ፤ የማፕልተን ዳርቻ ወፈረ፤ ቤተ ክርስቲያኗም ዳነች። በስተደቡብ ያለው ግሬት ካውደን ግን ሊደርሰው የሚገባው አሸዋ ስለቀረበት ገደሉ ባዶ እግሩን ቀረ፤ ናዳው ፈጠነ፤ የእርሻ ቤቶች ጠፉ። ገንዘቡን የመደቡት ሰዎች ክፋት ነበረባቸው አልልም፤ መንገዱም ሊድን ይገባው ነበር። ነገር ግን የአንዱ ካብ የሌላው ናዳ መሆኑን ያኔም የዘርፉ ሊቃውንት ያውቁት ነበር።

ዛሬ የሚሠራበት የዳርቻ አያያዝ ዕቅድ ይህንኑ በግልጽ ተቀብሎታል። ሁለቱ ከተሞች፣ ማፕልተንና በኢዚንግተን ያለው የጋዝ ጣቢያ ይጠበቃሉ፤ ከቀረው ዳርቻ አብዛኛው ለባሕሩ ይተዋል። ናዳው ካልወረደ ስፐርንም የሀምበርም ዳርቻ አሸዋና ጭቃ ያጣሉ የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። የሚከብደው ሌላው ነው፦ በእንግሊዝ ሕግ ቤቱን ለባሕር ላጣ ሰው ካሣ የለም። የሚሰጠው እስከ 6,000 ፓውንድ የሚደርስ ድጎማ ሲሆን፣ እርሱም ቤቱን ራሱ ለማፍረሻ ነው።

ስፐርንም ብትሆን አልተረፈችም። በታኅሣሥ 2013 የተነሣ ማዕበል አንገቷ ላይ ቆረጣት፤ ከዚያ ወዲህ ትልቅ የባሕር ሙላት በመጣ ቁጥር ደሴት ትሆናለች። በጫፏ ላይ ለብዙ ትውልድ የሕይወት አድን ጀልባ ሠራተኞች ይኖሩ ነበር፤ ቤተሰቦቻቸው በ2012 ለቀው ወጡ። በ2023 ደግሞ ጀልባዋ የምትታሰርበት መድረክ አስተማማኝ አለመሆኑ ስለታወቀ ሠራተኞቹ ጀልባቸውን ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። የሄዱትም ወደ ግሪምስቢ ነው።