ንቅሳትን በአሲድ ስለ ማጥፋት

ሰው የተነቀሰውን ምልክት ኋላ ተጸጽቶ ለማጥፋት መሞከሩ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም የአሚዳው አኤቲዮስ ኖራ ያለበትን የማጥፊያ ቅመም በመጽሐፉ ጽፎአል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሐኪም ቫሪዮ ታኒክ አሲድ በመርፌ ወደ ቆዳው አስገብቶ፥ በላዩ የብር ናይትሬት የመቀባትን ዘዴ ገለጠ። በዚህም ቆዳው ጠቁሮ እንደ ቅርፊት ይረግፋል፤ በስፍራውም ጠባሳ ሊቀር ይችላል።

ምክንያቱም ቀለሙ የሚያርፈው ከላይኛው ቆዳ በታች ስለ ሆነ፥ አሲድ ወደ እርሱ የሚደርሰው ሕያው አካል እያቃጠለ ነው። ስለዚህ በሀገራችንም የአንገቷን ወይም የግንባሯን ንቅሳት ለማጥፋት የምትሻ እኅት ብትኖር፥ አሲድ ከመግዛቷ በፊት ሐኪም ታማክር፤ ያለዚያ ምልክቱን በጠባሳ መለወጥ ይሆንባታል።