ከገንፎው ቤት እስከ ሆቴሉ አዳራሽ፦ የልጆች ልደት ድግስ ታሪክና የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ቤተሰብ



ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው የልጆች የልደት ድግስን ታሪክ ነው። «ልደት ማክበር እንዴት ይታያል?» የሚለው የፊቅህ ጥያቄ የዑለሞቻችን ድርሻ ስለሆነ አንገባበትም። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ልጅ በመምጣቱ መደሰት ከጥንት የነበረ ነገር ነው። ታዲያ ደስታው ከቤተሰብ አቅም አልፎ የብድርና የፉክክር ጉዳይ የሆነው ከየት መጥቶ ነው? መልሱን ለማግኘት ከራሳችን አገር፣ ከጉና ተራራ ሥር ካሉት ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ እንነሳ።

፩. ቀኑ ያልተጻፈ፣ ልጁ ግን ያልተረሳ

በነዚህ ወረዳዎች አንድን ትልቅ ሰው «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ ቁጥር ሳይሆን ታሪክ ነው። «ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ»፣ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጡት አልጣልኩም ነበር» ይላሉ። የተወለዱበት ቀን አልተጻፈም። ቀኑ ካልተጻፈ ደግሞ በየዓመቱ ቀን ቆጥሮ ልደት ማክበር የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም።

ይህ ማለት ግን ልጁ ሳይከበር ቀረ ማለት አይደለም። ክብሩ የሚሰጠው በመወለዱ ሰሞን ነበር። እልልታው ሲሰማ የሰፈሩ ሴቶች ሳይጠሩ ይመጣሉ። አንዷ ዱቄት፣ አንዷ ቅቤ፣ ሌላዋ ቡና ይዛ ትገባለች። ገንፎው ይገነፋል፤ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይደረግበታል፤ አራስ እናት ትበላለች፤ የመጣው ሁሉ ይቀምሳል። በሙስሊሙ ቤት ለሕፃኑ አዛን ይባልለታል። በሰባተኛው ቀን ስም ይወጣል፤ ፀጉሩ ይላጫል፤ በፀጉሩ ክብደት ልክ ብር ተመዝኖ ለሚስኪን ይሰጣል። የቻለ ለወንድ ልጅ ሁለት፣ ለሴት ልጅ አንድ በግ ወይም ፍየል ያርዳል፤ ይህም ዐቂቃ ነው። ያልቻለ አይገደድም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛው፣ ወጪው የባለቤቱ ብቻ አልነበረም። ወላጅ ባለ ድግስ ሆኖ ሰው አይጋብዝም፤ ጎረቤት ነው ለአራሷ ይዞ የሚመጣው። በሌላ አነጋገር ድግሱ ቤቱን ይደግፋል እንጂ ቤቱን አያራቁትም።

ሁለተኛው የምግቡ ዓይነት ነው። በነዚህ ወረዳዎች ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ ሆኖ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር አጥር ለአጥር ተጠጋግቶ የኖረ ነው። እንደምናውቀው በአገራችን ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን ሥጋ አይበላም። ገንፎ፣ ዳቦ፣ ቆሎና ቡና ግን ማንንም አይለዩም። ጊዜው የክርስቲያኑ ጾም ከሆነ ቅቤው በኑግ ወይም በተልባ ይተካል። ስለዚህ የገንፎው ቤት ሁሉም በአንድ ገበታ የሚቀመጥበት ቤት ነበር። ሰንጋ የሚጣልበት ትልቅ ድግስ ሲሆን ግን አራጁም፣ ድስቱም፣ ዳሱም ለሁለት መከፈል አለበት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባል ሥጋ ላይ የሚገባው በብዙ ድካም ነው፤ ቡና ላይ ግን በቀላሉ ይገባል። ተራው ምግብ የድህነት ምልክት ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤትን የማሰባሰቢያ ጥበብም ነበር።

፪. ትልቁ የልደት ድግስ ከየት መጣ?

የልደት ቀንን በትልቅ ግብዣ ማክበር የቤተ መንግሥትና የባለጸጋ ልማድ ሆኖ የቆየ ነው። ከ2400 ዓመት በፊት የጻፈው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ስለ ፋርሶች ሲተርክ፣ ከቀናት ሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት የተወለዱበትን ቀን እንደሆነ ይናገራል። ሀብታሙ በሬ፣ ፈረስ ወይም ግመል ሙሉውን ጠብሶ ያቀርባል፤ ድሃው በትናንሽ ከብቶች ይወጣዋል ይላል። የዛሬው ጥያቄያችን ያኔም ነበረ ማለት ነው።

በእስልምናው ዓለም ታሪክ ስሙ የሚነሳው የኤርቢሉ ገዥ ሙዘፈሩዲን ኮክቡሪ ነው። ይህ ሰው የሰላሁዲን አዩቢን እህት ያገባ፣ በ630 ዓመተ ሂጅራ ያረፈ አሚር ነበር። በየዓመቱ የሚያዘጋጀው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መውሊድ በግዙፍነቱ የታወቀ ነው። በዚያው ዘመን በኤርቢል የተወለደው ታሪክ ጸሐፊው ኢብኑ ኸሊካን በዝርዝር ጽፎታል። ይኸው አሚር ለዓይነ ስውራን፣ ለባልቴቶች፣ ለየቲሞችና ተጥለው ለተገኙ ሕፃናት ቤት ማሠራቱም ተጽፏል። ልብሱ ግን ከአምስት ድርሃም የማያወጣ ሻካራ ጥጥ ነበር ይባላል። ሚስቱ ስትወቅሰው፣ እሱ በርካሽ ልብስ ኖሮ የተረፈውን ለድሃ መስጠት እንደሚሻል መለሰላት ብለው ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። የግብዣው ትልቅነት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የሕፃናቱ ቤት ግን ማንንም አያከራክርም።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የራሳቸው ምሳሌ ደግሞ ከሁሉም የቀለለ ነው። የሰኞን ጾም በተመለከተ ሲጠየቁ፣ የተወለዱበት ቀን መሆኑን እንደነገሩ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ድግስ የለም፤ ጾም ነው።

ዛሬ የምናየው የልጆች ልደት፣ ኬክና ሻማ ያለበት፣ ሥሩ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ቤተሰቦች ልማድ ነው። በልደት የሚዘመረው ዜማም በ1893 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ በሁለት እህትማማቾች ለትምህርት ቤት ልጆች የጠዋት ሰላምታ ተብሎ የታተመ ነው። እንግዲህ መነሻው ሁሉ ቤትና ትምህርት ቤት ነበር። አዳራሽ፣ ዲኮርና ቪዲዮ የኋላ ጭማሪ ናቸው።

፫. አገራችን ያየቻቸው ሁለት ልደቶች

ትልቅ የልደት በዓል ከረሃብ ጎን ሲቆም ምን እንደሚመስል የኢትዮጵያ ታሪክ ሁለት ጊዜ አሳይቶናል።

የመጀመሪያው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 80ኛ ዓመት ልደት ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1964 በአገር ደረጃ በደማቁ ተከበረ። በተከታዩ ዓመት ከበሽሎ ማዶ ያለው የወሎ ገበሬ በድርቅ እያለቀ ነበር፤ መንግሥትም ሊሸፍነው ሞከረ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ለዓለም አሳየው። ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር አጣምሮ መስከረም 1 ቀን 1967 በቴሌቪዥን አስተላለፈ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ለዙፋኑ መውደቅ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሕዝቡ ልብ ውስጥ የቀረው ምስል ግን በአንድ በኩል ኬክ፣ በሌላ በኩል የተራበ ሕፃን ነበር።

ሁለተኛው የአብዮቱ «ልደት» ነው። ደርግ በዚያ ፊልም ሌላውን ከሶ በ10 ዓመቱ ራሱ ያንኑ ደገመው። መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በሰልፍ፣ በሐውልትና በመብራት ተከበረ። በዚያው ወቅት የሰሜኑ ክፍል በረሃብ እየረገፈ ነበር። ወር ከምናምን ቆይቶ፣ ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። በየቤቱ «ሰባ ሰባት» ተብሎ የሚጠራው ዘመን ይህ ነው። ዛሬ ማንም ሰው 1977ን ሲያነሳ የሚያስታውሰው ሰልፉን አይደለም፤ ረሃቡን ነው።

ከነዚህ ሁለት ታሪኮች የምንማረው አንድ ነገር ነው። ድግስ ልኩን የሚያጣው ወጪው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ለተመልካች ደግሶ በአጠገቡ ያለውን ማየት ሲያቆም ነው። ይህ ደግሞ በቤተ መንግሥት ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ በአንድ አባወራ ቤትም ይደርሳል።

፬. የዛሬው ፈተና

ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፈው ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ለነፋስ መውጫ ብዙ ነገር አምጥቷል። ስልኩ ደግሞ መንገዱ ያልደረሰበት ቀበሌ ድረስ ገብቷል። አሁን አንዲት እናት በወገዳ ተቀምጣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል የተደረገን የአንድ ዓመት ሕፃን ልደት በቲክቶክ ታያለች። ባለ ሦስት ደረጃ ኬክ፣ የፊኛ ቅስት፣ ካሜራ፣ ለሕፃን የተከራየ ልብስ። ከዚያ «የኔ ልጅ ከማን ያንሳል?» የሚለው ይመጣል። ስሜቱ የእናትነት ስሜት ነው፤ አንፈርድበትም። ሒሳቡን ግን አብረን እናስላ።

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ከተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚ ወረዳዎች መካከል ናቸው። ፕሮግራሙ ሲቀረጽ የያዘው ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ወይም ግምቱ ገንዘብ ነበር፤ እሱም በዓመት ለ6 ወራት። አምስት ነፍስ ላለው ቤት በወር 75 ኪሎ ማለት ነው። ይህንንም የሚያገኘው ሥራ መሥራት የሚችለው ሰው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ ነው። በእንዲህ ያለ አካባቢ የአንድ ከሰዓት ድግስ የሚበላው ከትርፍ ገንዘብ አይደለም። ከዘር እህል፣ ከልጁ ደብተርና ጫማ፣ ወይም ሳዑዲ በሰው ቤት የምትለፋ እህት ከላከችው ላይ ነው። ልጁ የማያስታውሰውን ድግስ ዕዳውን ግን አብሮ ይከፍለዋል።

ሌላም ተጎጂ አለ። በአንድ ሰፈር አንዱ ልደት በሆቴል ካደረገ ያልቻለው ጎረቤት ልጁን «አትሂድ» ይላል፤ ስጦታ የለውማ። የገንፎው ቤት ሳይጠራ የሚመጣውን ሰብስቦ ነበር፤ የአዳራሹ ግብዣ ግን ያልተጠራውን ይለያል። ኢስራፍ የሚባለው ብክነት ገንዘብ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ጉርብትናም ይባክናል።

፭. ታዲያ ምን ይደረግ?

ልጅን ማስደሰት የሚፈልግ ወላጅ ባዶ እጁን አይደለም። አንድ ድፎ ዳቦ ወይም የቤት ኬክ፣ ፈንዲሻ፣ የተቀቀለ የጋይንት ድንች፣ ቡና፣ የሰፈር ልጆች፣ ከትልልቆች ምርቃትና ዱዓ። ይህ ሁሉ በቤት ውስጥ ይሆናል፤ የሁለቱም እምነት ልጆች አብረው ይበላሉ። አበው «ጎመን በጤና» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ከዚህ በላይ መስጠት የሚፈልግ አንድ ትልቅ ስጦታ እንጠቁመው፤ የልደት ምዝገባ። አያቶቻችን ቀናቸው ሳይጻፍ አልፈዋል። ዛሬ ግን በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ልጅ በተወለደ በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጅ ስምና ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የልደት ምስክር ወረቀት ትምህርት ቤት ሲገባ፣ መታወቂያ ሲያወጣ፣ ውርስ ሲጠይቅ ያገለግለዋል። ያለዕድሜዋ ልትዳር የታሰበች ልጅም «ገና ነኝ» ብላ ዕድሜዋን የምታስረዳበት ማስረጃ ይሆናታል። ኬኩ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ይህ ወረቀት ዕድሜ ልክ ይኖራል።

አቅሙ ያለውም ቢሆን የቀደሙትን መንገድ ይዞ ከድግሱ ቀንሶ ለአንድ የቲም ደብተርና ዩኒፎርም ይግዛ። ልጁም በገዛ እጁ ይስጥ። ያን ጊዜ ልደቱ ካሜራ ባይኖርም የሚያስታውሰው ሰው አያጣም።

አላህ ልጆቻችንን ሷሊህ ያድርግልን፤ ለቤታችን በረካ፣ ለአገራችን ሰላምና ጥጋብ ይስጥልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።