ፊደል መቍጠር

አባቶቻችን ንባብ መማርን «ፊደል መቍጠር» ማለታቸው በከንቱ አልነበረም። ሕፃኑ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ፣ ስንደዶውን ከፊደል ወደ ፊደል እያሳለፈ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» ሲል አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማለቱም ነበር። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው 7 መልክ ስላላቸው ገበታው 231 ሆኖ ይቈጠራል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ጎልማሶች የተማሩት በዚሁ ፊደል ነው። ዛሬ ብዙ ወላጅ፣ እኔም ሳልቀር፣ ንባብንና ሒሳብን ነጣጥሎ ለአስተማሪ መተዉ ያሳዝናል። እስቲ ማታ ገበታውን ዘርግታችሁ ልጃችሁን በስንደዶ አስቈጥሩት። ከራብዕ ላይ ሲደርስ አስቁሙትና «ስንት ቀረህ?» በሉት፤ ሦስቱን በጣቱ ነክቶ ያገኛቸዋል። ማንበብ ያልተማረች እናትም ብትሆን፣ ካዕብን ዘሎ ሣልስ ሲል በጆሮዋ ትይዘዋለች።