ተጠሪና ተጠያቂ፦ የድሬዳዋ በርሜል ታሪክ

ድሬዳዋ ውስጥ ግቢ ገብቶ በርሜል ማጣት ይከብዳል። ሰማያዊ ፕላስቲክ ይሁን ዝገት የበላው ብረት፣ አንድ ጥግ ቆሞ ይጠብቃል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሲመጣ መቅዳት፣ ሲጠፋ ከዚያው መጨለፍ ነው። የሚመጣውም ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ ማንቆርቆሪያውን ከውስጥ ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል። የድሬ ሰው ይኼን ሁሉ ለምዶታል፤ «አቦ ተወው» ብሎ ያልፈዋል።

እኔ ግን ያ በርሜል የከተማዋን የመቶ ሃያ ዓመት ታሪክ የያዘ ይመስለኛል። ታሪኩን ለመናገር ሁለት የተቀራረቡ ቃላት ይበቃሉ፦ ተጠሪ እና ተጠያቂ። ተጠሪ አለቃው ሲጠራው «አቤት» የሚል ነው። ተጠያቂ ደግሞ ነዋሪው ሲጠይቀው መልስ የሚሰጥ፣ መልሱ ካላረካም ወንበሩን የሚለቅ ነው። ድሬዳዋ ተጠሪ አጥታ አታውቅም።

ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር፤ ተራራውን መውጣት ግን ገንዘብ የሚበላ ሆነ። ስለዚህ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ ቦታውም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። የባቡር ኩባንያው በደቻቱ አንድ ወገን ከዚራን ቀየሰ፦ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ የዛፍ ጥላ፣ የሠራተኛ ቤቶች። ከወንዙ ማዶ ደግሞ መጋላ ነጋዴው፣ ተሸካሚውና ግመል ነጂው በመጣበት እየሰፈረ አደገች። ከዚራ ላይ ለተበላሸ ነገር ቢያንስ የሚጠየቅ ነበር፤ ኩባንያው። ኩባንያው ግን ሂሳቡን የሚያቀርበው ፈረንሳይ ላሉ ባለአክሲዮኖቹ ነበር። አንድ ከተማ ከሁለት ተከፍሎ የተጀመረው ያኔ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ለከተሞች ምክር ቤት የሚባል ነገር አመጣ። ወንበሩ ግን ለባለ ንብረቱ ነበር፤ ከንቲባውም ከላይ ይሾማል። ለተከራዩ የቀረለት እጅ ነስቶ አቤቱታ ማቅረብ ነው።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ የተለወጠ መሰለ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ቀበሌውም ከኪራዩ ሰፈሩን ያለማል ተባለ። አቤት የሚባልበት ቢሮ ለነዋሪው ደጅ ይኼን ያህል ቀርቦ አያውቅም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያው ቢሮ መዝጋቢም አሳሪም ሆነ። ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ሄዶ ከመናገር ባልዲ ማስቀመጥ መረጠ። ቢሮ መቅረቡ ብቻ ተጠያቂ አያደርገውም ለካ።

ከዚያ ሥርዓት ተለወጠ፤ ድሬዳዋም የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች ጥያቄ ሆና ቀረበች። ክርክሩ እልባት ሳያገኝ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 416 ቻርተር ሰጣት፤ አስተዳደሩም ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ ሆነ። በተግባር ደግሞ «40፣ 40፣ 20» የሚባለው ክፍፍል መጣ፦ ለሁለቱ ብሔር ፓርቲዎች አርባ አርባ፣ ለሌላው ሃያ፤ የከንቲባነቱም ወንበር በፈረቃ። ይኼ አሠራር ጠብ አብርዷል የሚሉ አሉ፤ ነገሩን አቅልሎ ማየት አይገባም። ግን ሹመቱ በኮታ ሲሆን ቧንቧው ለምን ደረቀ የሚለው ጥያቄ ወዲያው «የማን ሰው ነህ?» ወደሚለው ይዞራል። ሥራ ያልሠራ ሹም የራሱ ወገን ይከላከልለታል፤ ደህና የሠራውም ተራው ሲደርስ ይነሳል።

ለመቅጣትም ለመሸለምም የቀረው ምርጫ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ለአምስት ዓመት የተመረጠው ምክር ቤት በ2010 ማብቃት ሲገባው ምርጫው ተላለፈ፣ ደግሞ ተላለፈ፤ ድሬዳዋ እንደገና የመረጠችው ሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። በአምስት ዓመት ውል ስምንት ዓመት ተሠራ ማለት ነው።

ይኼ ሁሉ የወረቀት ጉዳይ ለሚመስለው ሰው ደቻቱ አለ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ዳሩ ላይ ቤት ይሠራበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት በተኛ ሕዝብ ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ተፈናቀለ። ዝናቡን ያዘነበ ሹም የለም። በወንዙ አፍ ላይ ቤት ሲሠራ ያየ፣ ከተራራው በኩል የማስጠንቀቂያ ደወል ያላዘጋጀ አስተዳደር ግን ነበር። የመከላከያ ግንቡ የተጠናከረው ከለቅሶው በኋላ ነው።

በርሜሉም የራሱን ዋጋ አስከፍሏል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደንጌ ትኩሳት ድሬዳዋ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ መጣ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መገጣጠሚያቸውን ይዘው አቃሰቱ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ነው፤ በበርሜል፣ በጀሪካን፣ በተጣለ ጎማ። ጤና ቢሮ «በርሜላችሁን ክደኑ፣ ድፉ» አለ። ምክሩ ትክክል ነው። ግን ነገ ውኃ ይምጣ አይምጣ የማታውቅ እናት እንዴት ብላ ትድፋው? በውኃ ቢሮ ያልተከፈለው ዕዳ ተሻግሮ በጤና ጣቢያ ተከፈለ፤ በየትኛውም የበጀት መዝገብ ግን እንደ ኪሳራ አልተጻፈም።

ብክነት ሲባል ስርቆት ብቻ ይታየናል። የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለተወካዮች ምክር ቤት የሚያነባቸውን ቃላት ሬዲዮ የሚሰማ ሰው በቃሉ ይዟቸዋል፦ ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ደንብ ያልተከተለ ግዥ። እነዚህ ቢያንስ ስም አላቸው። ስም የሌለው ብክነት በቅደም ተከተል ስህተት የሚመጣው ነው። አሁን ኮሪደር ልማት ድሬዳዋም ገብቷል። መንገድ ሲሰፋ፣ መብራት ሲበራ ማን ይጠላል? ጥያቄው ንጣፉ ከመውረዱ በፊት ከሥሩ ያለው ቧንቧ ታይቷል ወይ ነው። ካልታየ ነገ ይቆፈራል፤ ደረሰኙም ጨረታውም ንጹሕ ሆኖ ገንዘቡ ግን ሁለት ጊዜ ይወጣል።

ነዋሪው ምን በእጁ አለ? አንድ የተረሳ መሣሪያ አለው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥ ይገባል። «ውኃ የለም» ብሎ ማማረር እንደ አቤቱታ ይቆጠራል፤ ባለሥልጣኑ አዝኖ ይሰማና ይሸኝሃል። «የእኛ ሰፈር ፈረቃ ስንት ቀን ነው? ባለፈው ዓመት ለመስመር ጥገና ስንት ተያዘ? ስንቱ ወጣ?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ግን ቀንና ቁጥር ያለው ነገር ነው። መልስ ቢሰጥ ይመረመራል፤ ቢከለከል መከልከሉ ራሱ ይመዘገባል። ከከዚራም፣ ከመጋላም፣ ከሳቢያንም ሆኖ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪው አንድ ዓይነት ወረቀት ቢያስገባ «የማን ሰው ነህ?» ለሚለው መልሱ ቀላል ይሆናል፦ በርሜል ያለኝ ሰው ነኝ።

ኩባንያው ሄዷል፣ ጃንሆይ ሄደዋል፣ ደርግም ሄዷል። በርሜሉ እዚያው አለ። የድሬዳዋ አስተዳደር ከተጠሪነት ወደ ተጠያቂነት መሻገሩን የምናውቀው በርሜሉ ለዕቃ ማስቀመጫ የሆነ ዕለት ነው።