በአዘዞ ሜዳ የብረት ቆጠራ፦ የጣሊያን ታንኮች ስንት ነበሩ?



ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እንግሊዞች በጎንደር ላይ የመጨረሻውን ጥቃት ሲከፍቱ ቀድመው ሊይዟቸው ከፈለጓቸው ስፍራዎች አንዱ የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ማረፊያው በፍጥነት ተያዘ። ከሰዓት በኋላም የኬንያ የብረት ለበስ መኪና ሬጅመንት ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ ዘለቀ፤ ጄኔራል ጉሊየልሞ ናሲም ወደ 40,000 የሚገመት ጦሩን ይዞ እጁን ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ በዚህ ሁኔታ ወደቀ።

ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ያቀርቡልኛል፦ «ጣሊያን ስንት ታንክ ነበረው?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ከመዝገብ ተገልብጦ የሚገኝ አይደለም። ምክንያቱም «ነበረው» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት ትርጉም አለው፦ በድርጅቱ ሠንጠረዥ የተፈቀደለት፣ በእጁ የሚገኘው፣ በዕለቱም ሞተሩ ተነሥቶ ወደ ውጊያ ሊሰማራ የሚችለው። ሦስቱ ቁጥሮች እኩል የሚሆኑበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

ለዚህ የጀርመን ጦር ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 ፈረንሳይን ሲወጋ 10 የታንክ ክፍለ ጦሮች ነበሩት። በቀጣዩ ዓመት ቁጥራቸው እጥፍ ሆነ፤ የታንኮቹ ቁጥር ግን በዚያው ልክ አላደገም። አስቀድሞ በብዙዎቹ ክፍለ ጦሮች ሁለት ሬጅመንት ያቀፈ የታንክ ብርጌድ ነበር፤ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ አንድ ሬጅመንት ብቻ ቀረለት። ስለዚህ «ክፍለ ጦር» የሚለውን ስም ብቻ ቆጥሮ ኃይሉ እጥፍ ሆነ የሚል ሰው ይሳሳታል። በፈረንሳይ ዘመቻ ከተሰለፉት ታንኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ቀላል ዓይነቶች ነበሩ። ይህንንም ያላየ ሰው ስሕተቱን ያበዛል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ሲገባ በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው ኃይል 24 መካከለኛ ኤም 11/39 ታንኮች፣ 39 ትንንሽ ኤል 3 ታንኮችና 126 ብረት ለበስ መኪናዎች እንደነበር ተመዝግቧል። መካከለኞቹ በሁለት ሻምበል፣ በየሻምበሉ 12 ሆነው ተደራጅተው ነበር። ሁለቱን ደምሮ «63 ታንክ» ማለት ይቻላል፤ ድምሩ ግን ያሳስታል። ኤም 11/39 ዐሥራ አንድ ቶን ያህል የሚመዝንና መድፍ የያዘ ነው። ኤል 3 ግን ሦስት ቶን ያህል የሚመዝን፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝና መትረየስ የታጠቀ ነው።

ይህ ትንሽ ታንክ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር፣ በደምበጒና ማለፊያ፣ የራስ እምሩ ሠራዊት የጣሊያንን ታንኮች ከቦ ማረከ፤ አቃጠለም። በዚያ ቀን ስንት ታንክ እንደጠፋ ግን ምንጮች አይስማሙም። ምክንያቱ ውሸት ብቻ አይደለም። አንዱ የተገለበጠውን ይቆጥራል፤ ሌላው የተቃጠለውን ብቻ፤ ሦስተኛው ደግሞ የተማረከውን ከጠፋው ለይቶ ይጽፋል። የቆጣሪው መስፈርት ሳይታወቅ ቁጥሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ በ1932 የተመዘገበው ኃይል በ1934 ጎንደር ላይ ምን ያህሉ ደረሰ? ግምቱን በቅደም ተከተል ማስላት አለብን። ከታንኮቹ ከፊሎቹ ነሐሴ 1932 ዓ.ም. የእንግሊዝን ሶማሊላንድ ለመያዝ ዘመቱ። ጥር 1933 ዓ.ም. በአቆርዳት የእንግሊዝ ማቲልዳ ታንኮች ሌሎቹን አወደሙ። ከዚያም ከረንና አዲስ አበባ ተለቀቁ። ስዊዝ በእንግሊዝ እጅ ስለነበር ከኢጣሊያ በባሕር የሚመጣ ምትክ ታንክም ሆነ መለዋወጫ አልነበረም። ጭነት መኪናዎች ላይ ብረት እየለጠፉ መዋጋት የተጀመረውም በዚህ እጦት ምክንያት ነው። ስለዚህ የ1932ቱን ዝርዝር ወስዶ ናሲ በጎንደር በታንክ ተከላከለ ብሎ መጻፍ አይገባም። መከላከያው በዋናነት በመልክዐ ምድሩ፣ በመድፍና በፈንጂ ላይ የቆመ ነበር። በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር 12፣ የወደቀው የቁልቋል በር ምሽግ ለዚህ ምስክር ነው።

ይህ ሁሉ ቆጠራ ለምን ይጠቅማል? አንዳንድ ጸሐፍት የጠላትን ታንክ ቁጥር ማብዛት የጀግኖቻችንን ክብር የሚያበዛ ይመስላቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሦስት ቶን ብረት ላይ በጎራዴ የወጣ ሰው ድፍረቱ የታንኩ ቁጥር ሲጨመርለት አያድግም። የተጋነነው ቁጥር ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ግን እውነተኛው ጀግንነት አብሮ ይጠረጠራል።

ሌላም ጉዳይ አለ። ብረት መዝገብ ስላለው ይቆጠራል። እንደ አሞራው ውብነህ ባሉ መሪዎች ሥር በአርማጭሆና በአካባቢው ለአምስት ዓመታት ጠላትን ዕረፍት የነሡት አርበኞች ግን ወር በወር የሚሞላ ሠንጠረዥ አልነበራቸውም። መዝገብን ብቻ የሚያምን ታሪክ ሊያገኝ የሚችለው የወራሪውን ኃይል ነው፤ የተወራሪው ክንድ ከሒሳቡ ይቀራል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ቁጥር ስታገኙ መቼ፣ በማንና በምን መስፈርት እንደተቆጠረ ጠይቁ። ቀጥሎም መዝገብ ያልያዘውን ፍለጋ በየቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም በቀኑና በቦታው ጽፋችሁ አኑሩ።