ዐረር በምን ይመዘናል?

ነፍሱን ለማዳን ሽጉጥ የሚመዝ ሰው የትኛውን ጥይት ቢያጎርስ ይሻለዋል የሚለው ጥያቄ፣ ለሰሚው ቀላል ቢመስልም ለመርማሪው ጭንቅ ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። በሕያው ሰው ላይ ተኩሶ መፈተንን ሕግም ሕሊናም ስለማይፈቅዱ፣ ፈታኙ ሁልጊዜ የሰውን ሥጋ የሚተካ ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ሆነበት፤ ስለዚህም የዚህ ሙያ ታሪክ ከዐረሩ ይልቅ የተተኪው ታሪክ ነው። ዘመኑን የምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

አሜሪካ በ1898 ዓ.ም. ፊሊፒንስን ከእስፓኝ እጅ ከተረከበች በኋላ፣ በደቡቦቹ ደሴቶች የሚኖሩት ሞሮ የተባሉት ሙስሊሞች አንገዛም ብለው ተነሡ። የአሜሪካ መኮንኖች ያን ጊዜ የሚታጠቁት ባለ 38 ኮልት ሽጉጥ ነበር፤ ቁጥሩ የዐረሩን ስፋት በኢንች መቶኛ ይናገራል። ጎራዴውን መዝዞ የሚሮጥ ሞሮ በዚህ ዐረር ደጋግሞ ተመትቶ እንኳ ሳይወድቅ ከመኮንኑ ዘንድ ይደርሳል የሚል ወሬ እስከ ዋሽንግተን ተሰማ፤ ሠራዊቱም አሮጌዎቹን ባለ 45 ኮልቶች ከግምጃ ቤት እያወጣ ያድል ጀመር።

ነገሩን መርምረው እንዲፈርዱ የታዘዙት የመሣሪያው ሊቅ ጆን ቶምሰንና የጦር ሐኪሙ ሉዊስ ላጋርድ በ1904 ዓ.ም. ወደ ቺካጎ የከብት በረቶች ወረዱ። ቺካጎ በዚያ ዘመን ታላቅ የሥጋ ከተማ ነበረችና ለዕርድ የቀረበ ከብት አልታጣም። በአንድ ወገን የሰው በድን አንጠልጥለው እየተኮሱ፣ ዐረሩ አጥንቱን እንዴት እንደሚሰብርና በድኑ ከምቱ የተነሣ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ተመለከቱ፤ በሌላ ወገን ደግሞ ሕያዋኑን በሬዎች ከቅርብ እየመቱ፣ ከስንት ጥይትና ከምን ያህል ጊዜ በኋላ እንደሚወድቁ ቆጠሩ። ከተፈተኑት መካከል አሮጌው ባለ 38፣ ጀርመኖች ለሉገር ሽጉጥ ያበጁት ባለ 9 ሚሊሜትርና የእንግሊዞቹ ወፍራም ዐረር ይገኙበት ነበር።

እንግዲህ በድን አይቆጣም፣ አይደነግጥም፣ ለሃይማኖቱም ሲል አይሮጥም፤ በሬም በክብደቱም በአጥንቱም ከሰው እጅግ ይርቃል። ከዚህ በላይ የከብቶቹ ቁጥር ጥቂት፣ የተመቱበትም ስፍራ ልዩ ልዩ ስለ ነበር፣ ውጤቱ እርስ በርሱ አልተስማማም። ይህም ሁሉ ሆኖ ሁለቱ መኮንኖች ስፋቱ ከ45 የኢንች መቶኛ የሚያንስ ዐረር ለጦር ሽጉጥ አይበቃም ብለው ፈረዱ። እኔ እንደሚመስለኝ ፍርዱ አስቀድሞ በፊሊፒንስ ተፈርዶ ነበር፤ የቺካጎ በሬዎች የተጠሩት ለምስክርነት ብቻ ነው። ሽጉጥ የሚታጠቅ ወታደር አነጣጥሮ መምታትን ሳያቋርጥ ይለማመድ ብለው በዚያው ዘገባ መጨመራቸውን ግን ብዙ ሰው ረስቶታል፤ ከዘገባው ሁሉ ይህ ቃል ይበልጥብኛል። በፍርዱ መሠረት ጆን ብራውኒንግ ያበጀው ባለ 45 ሽጉጥ 6000 ጥይት ያለ አንዳች እንከን ከተኮሰ በኋላ፣ በ1911 ዓ.ም. የሠራዊቱ መሣሪያ ሆነ።

ወፍራም ዐረር ከመፈለግ ሌላ ሁለተኛ መንገድ ነበረ፤ እርሱም ቀጭኑን ዐረር ሥጋ ውስጥ ሲገባ ተከፍቶ እንዲሰፋ ማድረግ ነው። እንግሊዞች በሕንድ ጠረፍ ጠመንጃቸው ጠላትን በስቶ ያልፋል እንጂ አያቆምም ብለው ካማረሩ በኋላ፣ በካልካታ አጠገብ በዱምዱም ባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጫፉ የተገለጠ ዐረር ሠሩ። በ1899 ዓ.ም. በሄግ የተሰበሰቡት መንግሥታት፣ እንግሊዝና አሜሪካ እየተቃወሙ፣ ይህን ዐረር ከጦርነት ከለከሉት። ቃሉ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ ፋሺስቶች ኢትዮጵያን በወረሩ ጊዜ የኢትዮጵያ ወታደሮች ዱምዱም ተኮሱብን እያሉ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ከሰዋልና፣ የመርዝ ጋዝ ለማዝነማቸውም ይህንኑ ክስ ማመካኛ አድርገውታል። የሄግ ክልከላ ግን የሚመለከተው በመንግሥታት መካከል የሚደረገውን ጦርነት ስለሆነ፣ የአሜሪካ ፖሊሶች ለሠራዊት የተከለከለውን ጫፈ ክፍት ዐረር በከተማቸው መንገድ ላይ ታጥቀው ይዞራሉ፤ ምክንያታቸውም ዐረሩ ከተመታው ሰው አልፎ ከኋላው የቆመውን ንጹሕ ሰው እንዳያገኘው ነው።

በሬውና በድኑ ቦታቸውን ለጄላቲን የለቀቁት በኋላኛው ዘመን ነው። በሳንፍራንሲስኮ በሚገኝ የሠራዊት የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ሐኪም ማርቲን ፋክለር፣ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣውን ጄላቲን ከመቶ 10 እጅ በውኃ በጥብጦ፣ በ4 ዲግሪ አቀዝቅዞ ሲተኩስበት፣ ዐረሩ የሚጓዘው ጥልቀት በአሳማ ጡንቻ ውስጥ ከሚጓዘው ጋር እንደሚቀራረብ አሳየ። ጄላቲን አጥንትም ልብም የለውም፤ ነገር ግን ዛሬ የሰጠውን ምስክርነት ነገም ይደግመዋል፤ በሬው ያልቻለው ይህንን ነበር።

ኤፕሪል 11 ቀን 1986 ዓ.ም. በማያሚ 8 የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ.) መርማሪዎች ከሁለት ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ። ገና በጠዋቱ የተተኮሰ አንድ ባለ 9 ሚሊሜትር ጫፈ ክፍት ዐረር የአንደኛውን ዘራፊ ክንድ በስቶ ደረቱ ውስጥ ገባ፤ ልቡ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ዘራፊው ከዚህ ቁስል በኋላ 2 መርማሪዎችን ገደለ፤ 5 ሌሎችም ቆሰሉ። ሰውየው የያዘው ጠመንጃ፣ አብዛኞቹ መርማሪዎች የያዙት ግን ሽጉጥ መሆኑ እየታወቀ፣ ጥፋቱ ይልቁን በዐረሩ ላይ ተጣለ። በ1987 ዓ.ም. በኳንቲኮ ባለው የቢሮው ማሠልጠኛ ሊቃውንት ተሰብስበው መከሩ፤ ከዚያም በኋላ በጄላቲን የሚደረግ አዲስ ፈተና ተደነገገ። ዐረሩ በራቁቱ ጄላቲን ላይ ብቻ ሳይሆን በወፍራም ልብስ፣ በቆርቆሮ፣ በጣውላ፣ በቤት ግድግዳና በመኪና መስተዋት በኩል እየተተኮሰ፣ ከ30 ሳንቲሜትር ያላነሰ ከ46 ያልበለጠ ጥልቀት እንዲጓዝ ታዘዘ። ዝቅተኛው ልክ ይህን ያህል የረዘመው፣ በማያሚ እንደ ታየው ክንድ ቀድሞ ሊጋረድ ስለሚችል ነው።

ቢሮው መጀመሪያ ባለ 10 ሚሊሜትር ያዘ፤ ርግጫው ለብዙዎች ስለ ከበደ ኃይሉን ቀነሰው፤ ከዚያም በ1990 ዓ.ም. ወደ ወጣው ባለ 40 ተሻገረ። የዐረር አሠራር እየተሻሻለ ሲሄድ ትንሹም ከትልቁ እኩል ፈተናውን ማለፍ ቻለ፤ ባለትንሹን ሽጉጥ የያዘ ተኳሽም ፈጥኖና አነጣጥሮ የሚመታ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. ገደማ ቢሮው ወደ ባለ 9 ሚሊሜትር ተመለሰ፤ ይህም ቶምሰንና ላጋርድ በቺካጎ አይበቃም ብለው የጣሉት ስፋት ነው።