ንድፉ ክፍት ነው፤ ታዲያ ማን ይቀይረዋል?

እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ጄራልድ ኮሊ፣ ጄሰን ክሪድነርና ባልደረቦቻቸው ቢግልቦርድ የተባለ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ኮምፒውተር አወጡ። ዋጋው 149 ዶላር ነበር። ፕሮሰሰሩም፣ ሜሞሪውም፣ የስክሪን መሰኪያውም አንድ ሰርኪዩት ቦርድ ላይ ስለሚገኙ እንዲህ ያለውን ዕቃ ነጠላ-ቦርድ ኮምፒውተር እንለዋለን። ቢግልቦርድን ለየት ያደረገው ግን ንድፉ ክፍት መሆኑ ነው። የሰርኪዩቱን ሥዕል፣ የዕቃዎቹን ዝርዝር፣ የመስመሮቹን አቀማመጥ ሳይቀር ማንም ሰው አውርዶ ለራሱ ሥራ እንዲለውጠው ተፈቀደ።

እሺ፣ ተፈቀደ። ግን ማን ይችላል?

የቢግልቦርድ ሜሞሪ የተቀመጠው ከፕሮሰሰሩ ጎን ሳይሆን እላዩ ላይ ነበር፤ ሁለት ቺፖች እንደ ፎቅ ቤት ተደራርበው ማለት ነው። የታችኛው ቺፕ ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው ከሆዱ ሥር በተደረደሩ ጥቃቅን የብየዳ ኳሶች ነው። ከአንዱ ኳስ መሐል እስከ ቀጣዩ ኳስ መሐል ያለው ርቀት 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ይህን በእጅ መበየድ አይታሰብም። ብዙ ርካሽ የቦርድ ፋብሪካዎችም በዚያ ጥበት ውስጥ መስመር ማሳለፍ ይቸግራቸዋል። በዚያው ዘመን አርዱዊኖን ግን ተማሪዎች በየቤታቸው ይገለብጡት ነበር፤ ቺፑ ባለ 28 እግር ነው፣ ፍጥነቱ 16 ሜጋኸርትዝ፣ ሜሞሪውም እዚያው ውስጡ። ሁለቱም «ክፍት» ተብለዋል፤ ቃሉ ለሁለቱ እኩል አልሠራም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ይህን ክፍተት ለማጥበብ የተደረገ ጥረት አድርጌ ነው የማየው።

በቡልጋሪያዋ ፕሎቭዲቭ ከተማ የሚገኘው ኦሊሜክስ እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሊኑክሲኖ የተሰኙ ቦርዶችን ይዞ ብቅ አለ። ከመካከላቸው አንዱ የተሠራበት ፕሮሰሰር 454 ሜጋኸርትዝ ብቻ ነው፤ ሜሞሪውም 64 ሜጋባይት። ለዚያም ጊዜ ቢሆን ደካማ ነው። ነገር ግን ቺፑ ኳስ ሳይሆን በጎኖቹ የወጡ እግሮች አሉት፤ ቦርዱም ባለ ሁለት ንብርብር ነው። ሊኑክስን የሚያስነሳ ኮምፒውተር፣ እጁ የጸና ሰው ጠረጴዛው ላይ ሊበይደው ይችላል! ኃይልን ሰጥቶ ነፃነትን መግዛት ነው፤ እኔን ብትጠይቁኝ በዚህ ዘርፍ ከተደረጉት ምርጫዎች ሁሉ ደፋሩ ይህ ነው።

በቀጣዩ ዓመት የመጣው ቢግልቦን ብላክ ሌላ መንገድ ያዘ። ዋጋው 45 ዶላር፣ ሜሞሪው 512 ሜጋባይት ሆነ። ሜሞሪው ከፕሮሰሰሩ ላይ ወርዶ ጎኑ ተቀመጠ፤ የኳሶቹም ርቀት ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ሰፋ። አሁን ተራ ፋብሪካ ሊሠራው ይችላል። ችግሩ ግን ቦታ ለወጠ። በፕሮሰሰሩና በሜሞሪው መካከል መረጃው በ16 መስመሮች ጎን ለጎን ይሮጣል። ሰዓቱ እስከ 400 ሜጋኸርትዝ ይደርሳል፤ በእያንዳንዱ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚላክ ለአንድ ቢት የሚተርፈው ጊዜ 1.25 ናኖ ሰከንድ ነው። በቦርድ ላይ ምልክት በአንድ ናኖ ሰከንድ የሚጓዘው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱ መስመር ከሌላው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከረዘመ ቢቶቹ እኩል አይደርሱም፤ ኮምፒውተሩም ያነበበውን ይሳሳታል። ቦርዱን ስታዩት አንዳንድ መስመሮች ያለ ምክንያት እንደ እባብ የሚጠማዘዙ የሚመስሉት ለዚህ ነው፤ ርዝመት እያስተካከሉ ነው።

ንድፉን የሚቀይሩ ሰዎችም አንድ ልማድ አዳበሩ፦ ያቺን ማዕዘን እንዳለች ገልብጥ፣ አትንካት፤ ሌላውን እንደፈለግህ አድርግ። ለምሳሌ ስክሪን የማያስፈልገው ሰው የኤችዲኤምአይ ቺፑን ነቅሎ 20 እግሮችን ለሞተርና ለሴንሰር ነፃ ማውጣት ይችላል። ይሁንና ፋይሉ የተሳለው አሌግሮ በተባለ ውድ ሶፍትዌር ነው። በነፃ የሚገኘው ማየት ብቻ የሚያስችለው ነው። ኦሊሜክስ በኋላ ያወጣውን ኤ64 ቦርድ በኪካድ መሳሉ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ኪካድን ዣን-ፒየር ሻራስ እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው ሲሆን ለማንም ነፃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ፖኬትቢግል በ25 ዶላር ወጣ። ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪውና የኃይል መቆጣጠሪያው ኦክታቮ ሲስተምስ በሠራው አንድ ጥቅል ውስጥ ተከተዋል። ያ አስፈሪ ማዕዘን ከቦርዱ ጠፋ፤ የኳሶቹ ርቀት 1.27 ሚሊ ሜትር ደረሰ። ከ0.4 ወደ 0.8፣ ከዚያ ወደ 1.27፤ የዘጠኙ ዓመት ታሪክ በሦስት ቁጥሮች ይነበባል። ዋጋ ግን አስከፍሏል። ሜሞሪው እንዴት እንደተሳሰረ በቢግልቦን ፋይል ላይ ጣታችሁን እየጎተታችሁ ታዩት ነበር፤ አሁን ጥቁር ሳጥን ውስጥ ገብቷል። መቀየሩ ቀለለ፣ መማሪያው ቀነሰ።

ቢግልቦንን ለመቀየር የምታስቡ ካላችሁ አንዲት ባለ 4 ኪሎባይት ቺፕ አደራ። የቦርዱ ስም የተጻፈው እሷ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቢግልቦንና ብላኩ የተለያየ የሜሞሪ ዓይነት ስላላቸው፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ዩ-ቡት የተባለው ፕሮግራም መጀመሪያ ስሙን አንብቦ ነው ሜሞሪውን የሚያዘጋጀው። አዲስ የተበየደ ቦርድ ላይ ቺፗ ባዶ ናት። መብራቱ ይበራል፣ ቮልቴጁ ልክ ነው፣ ብየዳውም ንጹህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አልነሳም ይላል። መፍትሔው ስሙን ቺፗ ላይ መጻፍ ነው፤ አለዚያም ዩ-ቡትን ከፍቶ ስም መጠየቁን ማስተው፣ ምክንያቱም እሱም ክፍት ነው።